ደጋ የወጣ ንዳድ

መስከረም 24 ቀን 1951
መስቀል አልፎም ዛሬ ዘነበ። ሌሊቱ ይሞቃል፤ ጋቢዬን ገፍፌ አደርኩ። ከቀሐ ወንዝ በላይ በዚህ ዳገት ላይ አረጀሁ፣ እንዲህ ያለ መስከረም አላየሁም። ቢንቢ ጆሮዬ ሥር ስትጮህ ነጋ። ቢንቢ በኛ ሰፈር?...

ጥቅምት 3
አባይነሽ ተኛች። የልጄ የአለኸኝ ሚስት ናት፤ እሱ አሥመራ ወታደር ነው። ስትንቀጠቀጥ አልጋው ይንቋቋል፣ ከዚያ እሳት ትሆናለች። ንዳድ ነው። ንዳድ የሚይዘው ደግሞ ቆላ ያደረን ነው። ከአባቴ ጀምሮ የቤታችን ሕግ ይታወቃል፦ ደምቢያ ወርዶ ማረስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጥቶ እዚህ ማደር። እኔ ኮሶዬ ወደሚባለው አገር ለለቅሶ በሄድኩበት ሰሞን እናትዋን ልትጠይቅ ደምቢያ ወርዳ ነበር። በቀኑ ተመለስኩ ትላለች። ባለቤቴ እናኑም እውነትዋን ነው አለችኝ። ትሸፍንላታለች።

ጥቅምት 5
ማዪ አልኳት። በመድኃኔዓለም ማለች። ዳገት ላይ ንዳድ የለም፣ የሐሰት መሐላ ከቤቴ አያድርም አልኩ። በበቅሎ ወደ እናትዋ ሰደድኳት። ከበቅሎው ላይ ሆና ዞረች።
«እንግዲህ ቆላ እንዳድር ፈቀዱልኝ፣ አያ።»

ጥቅምት 14
ዝናብ። ከደምቢያ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው ጠፋ። በየቤቱ ተኝተዋል ይባላል፤ ጤፉን የሚያጭድ የለም። በክፉ ቀን ሕፃን ነበርኩ። ያኔ ሰማዩ ነፍጎን ነው ያለቅነው። ዘንድሮ ግን ሰጠ፣ አብዝቶ ሰጠ... በመስጠትም ይገድላል? ከታች የለቅሶ ድምፅ ይሰማኛል። እናኑ ምንም የለም ትላለች።

ጥቅምት 22
እናኑ ተኛች። ያው መንቀጥቀጥ፣ ያው እሳት። ይህን ዳገት ከወረደች ዓመታት አልፈዋል። ውሃ ሳቀምሳት ዓይኗን ገለጠች።
«እኔስ የት አደርኩ?»


ጥቅምት 23
የጤና ሠራተኛ መጥቶ ክኒን ሰጣት። ሙቀትና እርጥበቱ ስለቆየ ወባው ዘንድሮ ሽቅብ ወጥቷል አለ። ለሌላም ሰው ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩት። ሰው ለምኜ አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 28
እናኑ ተሻላት፤ አጥሚት ጠጣች።  ሠራተኛው የጨመረልኝን ክኒን መሐረብ ላይ ቋጥራ በእጄ አኖረችው።

ጥቅምት 30
ይህን የምጽፈው ደምቢያ ሆኜ ነው።
ጢስ የሚታይበት ቤት ጥቂት ነው። ጤፉ ተኝቶ ይበሰብሳል። ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። ክንዱ የሚባለው የነአባይነሽ ጎረቤት አጥሩ ላይ ያዘኝ። ምነው ዘገዩ፣ አያ፣ አለኝ። የአባይነሽን እናት ወይዘሮ አዛለችን ትናንት ቀብረዋታል። ልጅቱ አላወቀችም፤ መርዶው ስትበረታ ይሁን ብለዋል።
ገባሁ። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ክኒኑን ዋጠች። ሲሻልሽ ቤታችን እንሂድ አልኳት። ውሸታም ተብዬ አልገባም አለች።
በዕድሜዬ የተናገርኩትን መልሼ አላውቅም። 
«አልዋሸሽም» አልኩ።
«ጮክ ይበሉ፣ አያ። እናቴ ጆሮዋ ከብዷል።»
ንዳዱ ባፈዘዘው ዓይኗ ማዶ ወዳለው የእናትዋ መደብ ታያለች። ቁርበቱ እንደተነጠፈ ነው፣ የተኛበት የለም።
ወደዚያው ዞርኩና ጮክ ብዬ ደገምኩት።