ሞገዱ ደክሟል ብሎ ኮረብታ ስለ ወጣው ባለቤቴ

ለክቡር የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ የቢሮዎም በር እንደ ወትሮው ለማንም በቀላሉ እንዳይከፈት ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በእጅ ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ከመዝገብ ቤትዎ አልፈው እርስዎ ዘንድ ለመድረስ ገና ጉዞ ላይ ናቸው ስለ ተባልኩ ነው። በጉዟቸው መልካሙን ሁሉ እመኝላቸዋለሁ።

እኔ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ከባድ መኪና ያሽከረከረ ሰው ነው፤ ባልደረቦቹ «ቀስ በል» ይሉታል፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ማንንም ለመቅደም ሲጣደፍ ያየው ስለሌለ። ከሦስት ዓመት በፊት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና፣ መንገድ ታቋርጥ የነበረች አንዲት አስተማሪ ተገጭታ ሞተች። ትራፊክ ፖሊስ መረመረ፣ መካኒክ መሰከረ፣ ፍርድ ቤቱም ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ገለጸለት። ወረቀቱን አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩለት። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ ስለ አደጋው ሲጠየቅ «ፍሬኑ ነው» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም፤ እንቅልፍም ጨርሶ ተለየው። ሐኪም ያዘዘለት ክኒን ከወንበር ላይ ያንገዳግደዋል እንጂ አያስተኛውም ነበር።

በዚህ መካከል ነው ጣቢያዎ ውለታ የዋለልን፤ ውለታው ሳያውቁት የተዋለ ስለሆነ ምስጋናዬ ያስገርምዎ ይሆናል። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ወጥ ቤት ተቀምጦ የሬዲዮውን ጣቢያ መፈለጊያ ሲያዞር፣ አንድ የክር መሣሪያ ከሩቅ እንደ ንብ ሲያንጎራጉር፣ ከላዩ የአንዲት አሮጊት የገጠር እንጉርጉሮ ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ከሥሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታር ውሃ ውስጥ የወደቀ ይመስል ሲጥመለመል ሰማ። ዘፈኑ ሲያልቅ አዘጋጁ ይህ «ሳይኬደሊክ ፎክ» እንደሚባል ተናገሩ። እኔ ቃሉን ለመጥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ባለቤቴ ግን «የሚቀልጥ ዘፈን» ብሎ ገላገለኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ደግፎ ይሰማ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ለውሃ ብነሣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ አገኘሁት። ክቡር ሆይ፣ በሰው ማንኮራፋት ደስ ብሎት ያለቀሰ ሰው አይተው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም።

አዘጋጁን አድማጮች ሁሉ «ጋሽ ጭጋግ» እንላቸዋለን። ሰዓት ሠሪ ናቸው፤ በአሥራ አንድ ዓመት የበጎ ፈቃድ አገልግሎታቸው ግን በሬዲዮ አንድም ጊዜ ሰዓት ስንት እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። ሲጀምሩ «እንደምን አመሻችሁ፣ ያልተኛችሁ ሁሉ» ይላሉ፤ ሌላ ብዙ ነገር አይሉም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ ሬዲዮውን ይመልስለት ነበር።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ቁጥር የሰጠሁት በመሥሪያ ቤትዎ ዘንድ ያለ ቁጥር የቀረበ ኀዘን ፋይል እንደማይከፈትለት ስለ ተረዳሁ ነው።

አንደኛ፤ ከሁለት ወር በፊት፣ በአንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ፕሮግራሙ እንደ ተሰረቀ ዕቃ ከቦታው ጠፋ። ስንብት የለም፣ ማስታወቂያ የለም፤ በቦታው ኮምፒውተር በራሱ የሚመርጠው የጭፈራ ዘፈን ያለ ሰው ድምፅ እስኪነጋ ድረስ ይረግጣል። ለውጡን በእንዲህ ያለ ጨዋነት፣ ማንንም ሳይረብሹ ስለ ፈጸሙት አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ግን ፕሮግራም ያለ ስንብት ይቆማል ብሎ ሊያስብ አልቻለም፤ በእሱ ሐሳብ ጥፋቱ የእኛ ሬዲዮ ነበር። ባትሪ ቀየረ፤ ሽቦ ዘረጋ፤ ሽቦውን ከመስኮት ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ጎረቤት የቧንቧ ብረት አዞረው። ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፣ «ኧረ ልጄ፣ ቤቱን መብረቅ ልታስመታብን ነው እንዴ?» እስኪሉት ድረስ። ስምንት ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

ሁለተኛ፤ እኔ በአካል ቀርቤ ምክንያቱን ስጠይቅ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማብራሪያ እንዳነብ ጋበዘችኝ። «በተደረገው የአድማጮች ጥናት መሠረት በተጠቀሰው ሰዓት አድማጭ አለመኖሩ ተረጋግጧል» ይላል። በግርጌው ጥናቱ በስልክ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት መካሄዱ በሐቀኝነት ተገልጿል። የሌሊት ዘበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ አራስዋ፣ ባለቤቴም ገና ጋደም በሚሉበት ሰዓት ደውሎ አድማጭ የለም ብሎ መደምደም ታላቅ ጥበብ ነው። እኛም ጤና ጣቢያ እሑድ ቀን በሩን ዘግተን ብንቆጥር ኖሮ በከተማው በሽተኛ የሚባል እንደሌለ ድሮ ባረጋገጥን ነበር። ያነበብኩትን ለባለቤቴ ብነግረው «እኔ እየሰማሁ እንዴት አድማጭ የለም ይላሉ?» ብሎ አላመነኝም።

በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ቤት የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከመድኃኒት ካርቶን በተቀደደ ወረቀት፣ «ሞገዱ ደክሟል። ጠጋ ብዬ ልስማ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ሬዲዮውም የለም፤ ካፖርቱ ግን ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን ሌሊት ዘነበ። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ መናኸሪያውንና የቀድሞ የጭነት መኪና ማቆሚያውን ዞርኩ፤ ያየው የለም። ወዴት ጠጋ እንዳለ አልገባኝም ነበር፤ ጭንቅላቴ ይዞርብኝ ነበርና አይፍረዱብኝ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ የከበደኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጣቢያዎ መጥቼ፣ ሰውየው የትም ቢሆን ሬዲዮው ጆሮው ላይ እንደማይጠፋ፣ ስለዚህ በአየር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲነገርልኝ ለመንኩ፦ ፕሮግራሙ መቆሙንና ቤተሰቡ እየፈለገው መሆኑን። ሠራተኛዋ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ጥያቄው በሁለት ኮፒ፣ ከፖሊስ በተጻፈ ሸኚ ደብዳቤ፣ ከሦስት የሥራ ቀናት በፊት መቅረብ እንዳለበት ነገረችኝ። ሰው ከመጥፋቱ ከሦስት ቀን በፊት ማመልከት እንደነበረብኝ ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎ ያን ጊዜ በኮሪደሩ ሲያልፉ ተከትዬ ብለምንዎ፣ ቆም ብለው «እመቤቴ፣ ሬዲዮ እኮ የግል ስልክ አይደለም» አሉኝ። ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በሩ ላይ «የማኅበረሰቡ ድምፅ» የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ተሳስቼ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ የምሄድበት ሳጣ ሰው ጠያይቄ የጋሽ ጭጋግን የሰዓት መጠገኛ ሱቅ አገኘሁ። ከደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው የማታስቆም ክፍል ናት። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እንደሰኩ፣ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጃቸው ላይ የነበረውን ሰዓት አስቀመጡት።

«እህቴ፣ እኔም እኮ እስከ ትናንት የቴክኒክ ብልሽት ነው ነበር የሚሉኝ» አሉ።

ይህን እንደ አራተኛ ይቁጠሩልኝ፤ በእኔ ስም ባይሆን በእሳቸው። በዚያ ሐሙስ ሌሊት ሸክላዎቻቸውን በጨርቅ ቦርሳ አንግበው ሲመጡ የመግቢያ ካርዳቸው በሩን አልከፍት ይላል፤ የጥበቃ ሠራተኛው የንባብ መነጽራቸውንና ሹራባቸውን በፌስታል ያስረክባቸዋል። በአሥራ አንድ ዓመት የሰበሰቧቸው ካሴቶች እዚያው መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። እሳቸው ግን ስለዚህ ብዙ አላወሩም። ባለቤቴ የተወውን ወረቀት አሳየኋቸው፤ ሁለት ጊዜ አነበቡትና መብራቱን አጠፉ።

«ማሰራጫው ማማ ጋ ነው የሄደው። ተነሽ እንሂድ» አሉኝ።

ኮረብታውን እርስዎ በመኪና ያውቁት ይሆናል፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ በየመታጠፊያው እየቆሙ ይተነፍሳሉ፣ «አረፍ ይበሉ» ስላቸው ደግሞ ይቆጣሉ። ማማው አጥር ዘንድ ስንደርስ ሰው የለም። የባለቤቴን ስም እየጠራሁ ጮህኩ፤ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ መልስ የለም። ጋሽ ጭጋግ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ዝም አሰኙኝና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ምንም ማጉያ፣ ያንኑ የሬዲዮ ድምፃቸውን ለቀቁት።

«እንደምን አመሻችሁ፣ ያልተኛችሁ ሁሉ!»

ጥቂት ቆይቶ ከአጥሩ ጀርባ፣ ጎርፍ ከቆፈረው ቦይ ውስጥ፣ አንድ የሻከረ ድምፅ መለሰ።

«አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል ጋሼ።»

በዝናቡ ሌሊት ተንሸራትቶ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ሬዲዮውን እንዳይረጥብ ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎን የጭፈራ ዘፈን ሲያዳምጥ አድሯል። በጣቢያው ታሪክ ማሰራጫውን እንዲህ ተጠግቶ፣ እንዲህ በታማኝነት ያዳመጠ ሰው ካለ ሽልማቱ ለእሱ ይሰጥ፤ እኔ አልቃወምም።

ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኛ፤ የሳንባ ምች ይዞት ነበር። በአምስተኛው ቀን ጋሽ ጭጋግ ሊጠይቁት መጡ። የሸክላ ማጫወቻ ሆስፒታል አይገባም፣ ካሴቶቻቸውም ተቆልፈውባቸዋልና የሚያሰሙት ነገር አልነበራቸውም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔ ልብሱን እያጣጠፍኩ ነበር። ድንገት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ጣሪያውን እያየ መናገር ጀመረ።

«እጇን አነሣችልኝ» አለ። «አስተማሪዋ። የቆምኩላት መስሏት ነው። ፍሬኑን እየረገጥኩ፣ እየረገጥኩ፣ እሷ ግን አመሰግናለሁ ብላ እጇን አነሣችልኝ።»

ሦስት ዓመት አብሬው ስተኛና ስነሣ ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ያን ወረቀት አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ ስከት፣ ነገሩን የጨረስኩለት መስሎኝ ነበር። ጋሽ ጭጋግ «አይዞህ» አላሉትም፣ «ጥፋትህ አይደለም» አላሉትም። «ሰምቼሃለሁ» አሉት፤ እጁንም ይዘው እስከ መጠየቂያው ሰዓት ማብቂያ ቆዩ። ሰው የነገራቸውን ሁሉ እንዲህ ይሰሙ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ለካስ እኚያ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሲያሰሙ የኖሩት፣ መስማት ስለሚያውቁ ነው።

አሁን ባለቤቴ ቤቱ ነው። እግሩ ከእንግዲህ ፔዳል እንደማይረግጥ ሐኪሙ ነግሮታል፤ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት ኀዘን ይሁን ዕረፍት አልለየሁትም። አንዳንድ ሌሊት ይተኛል፤ አብዛኛውን ግን አይተኛም፤ እኔም ወረቀት ባየሁ ቁጥር ሌላ የስንብት ጽሑፍ ይሆን ብዬ ሮጬ አነሣዋለሁ። ይሻለው እንደሆነ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ ፕሮግራሙን ይመልሱ ብዬ አልለምንዎትም፤ ጥናትን የሚያህል ነገር እንዴት እጋፋለሁ? የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ይቀመጥና «ፕሮግራሙ ቆሟል፤ የእናንተ ሬዲዮ ምንም አልሆነም» ይበል። በዚች ከተማ ስንት ሰው እስከ ዛሬ ባትሪ እየቀየረ፣ ሽቦ እያዞረ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ እንደተቀመጠ እኔም እርስዎም አናውቅም።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ላሳዩኝ ኮሪደርና ላነበብኩት ግድግዳ ሁሉ የላቀ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ከማዕረግ ወደ ማዕረግ ሲሸጋገሩ፣ የሚሸጋገሩበት ቦታ በተቻለ መጠን ከሰው ጆሮ የራቀ እንዲሆንልዎ በመመኘት እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ

ተጨማሪ፦ ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ኮምፒውተርዎ አንድ የቤት ቀለም ማስታወቂያ ላይ ተጣብቆ አርባ ሰባት ደቂቃ ያህል «ሦስት ቀለም፣ ሦስት ቀለም» ሲል ቆየ። ተጨንቄ ብደውል ስልኩን ያነሣው የጥበቃ ሠራተኛው ነው፤ እሱም እየሰማ እንደሆነ፣ ግን የክፍሉ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ስላለ ልቀስቅሳቸው ወይ ብሎ አማከረኝ። ተዋቸው አልኩት፤ ቢነቁም የሚሰሙ አይመስለኝም።