ሃያ ስድስት ጊዜ ምሕረት

ይድረስ ኮቴን በካውያ ላቃጠልከው ወዳጄ፣

እዚህ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ምሕረት እስኪበቃኝ ጠገብኩልህ። አንባቢዋ መዝሙረ ዳዊት ታነባለች፣ ሕዝቡ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ በዜማ ይቀበላል፤ ሃያ ስድስት ጊዜ! አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ ቀድመው ቢቀበሉ፣ የመዘምራኑ መሪ ምሕረቱን ሳታቋርጥ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ከእጃቸው መንጭቃ ወሰደች። እኛ ሰፈር ሰው የሚቀማው በስድብ ነው፤ እዚህ በዜማ። «ሰላም ተባባሉ» ተብሎ ሰው ሁሉ ሲጨባበጥም ሁለት ጣት ብቻ ዘረጋችላቸው፤ እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

ላፌዝባት ስል የተቃጠለው እጅጌዬ ታየኝ። በሱ ተቀይሜ አይደል ሳልሰናበትህ የወጣሁት?

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትህን ሳምልኝ። ስመለስ ሁለት ጣት ብዘረጋልህ፣ አንተ በሁለት እጅህ ያዘኝ።