ወደ አባቴ ት/ቤት የሚሄደው መኪና

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 6

እጄ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከክፍል በኋላ ከክፍል ጓደኛዬ ከሆዳን ጋር እዚህ ጅቡቲ፣ ምኒልክ አደባባይ ሳምቡሳ ስንሸጥ አመሸን። እሷ በሶማሊኛም በፈረንሳይኛም ትጣራለች፤ እኔ በወረቀት እጠቀልላለሁ። ገቢው ወሎ ውስጥ ላለች አንዲት የገጠር ት/ቤት ነው፤ ለዴስክና ለመጻሕፍት። የትምህርት ቤት ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው ለሷ ነው። አባቴ እዚያ መምህር መሆኑን ከሆዳን በቀር ማንም አያውቅም። አንተም ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ። ከእማዬ ጋር ወደ ጅቡቲ ስመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ድምፁ አለኝ፣ በስልክ። መልኩ እየጠፋብኝ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

የክበቡ ኃላፊ ማዳም ፋጡማ ዛሬ ተናገሩ። ዕቃው ሞልቷል። በዕረፍቱ ሳምንት እሳቸው ይዘውት በመኪና ይሄዳሉ፤ ሁለት ተማሪዎችም አብረዋቸው ይሄዳሉ። አንዷ አማርኛ የምትችል ብትሆን ጥሩ ነው አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሺ አልኩ፤ ሳላስብ። ካርቲየ 2 ሰፈር፣ የምኖርበት አክስቴ ቤት፣ እየሮጥኩ ገባሁ። ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 14

እማዬ መጣች። ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የማያት ዓርብ ብቻ ነው። ነገርኳት። ሻርፗን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«ወረቀትሽስ?» አለች።

የጅቡቲ የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም። ድንበሩን ከተሻገርኩ ላልመለስ እችላለሁ። ባክ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና ደግሞ ደርሷል። እማዬ በሰው ጓዳ የምትኖረው ለዚህ ፈተና ነው። አላለችውም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ተኛሁ። ስነቃ ሄዳለች። ሳህኔን ከድናልኝ ነው የሄደችው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18፣ ከሰዓት

አባቴ ደወለ። ኔትወርክ የሚያገኘው ማክሰኞ ገበያ ሲወጣ ነው። ከሚመጡት ተማሪዎች መሀል የኔን ስም ሰምቷል። አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ሊቀበለኝ ነው። ቁመቴ የት እንደደረሰ ጠየቀኝ። እስከ እማዬ ጆሮ አልኩት። መተንፈሱ ይሰማኛል። አልመጣም የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መስመሩ ተቋረጠ። ወይም እኔ ዘጋሁት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23

ወሰንኩ። እዚሁ ቀርቼ እፈተናለሁ። ማዳም ፋጡማን በእኔ ፈንታ ሆዳን ትሂድ አልኳቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ እንጂ አልተከራከሩኝም። ለአባቴም መልእክት ላክሁ፤ ከነገ ወዲያ ገበያ ሲወጣ ያየዋል። መኪናው ረቡዕ ይነሳል።

ሆዳን አሁን አጠገቤ ናት። አማርኛ እያስጠናኋት ነው። ጤና ይስጥልኝ ትችላለች። «ልጅዎን ናፍቀዋታል» ላይ ምላሷ ይተሳሰራል። ሳገኘው ምን ብዬ ልጥራው አለችኝ። ጋሼ በዪው አልኳት። ጋሼ፣ ጋሼ ስትል ቆየችና ረስታ፣ እኔ በስልክ ስለው የምትሰማውን አለች።

«አባዬ።»

ላርማት አፌን ከፈትኩ። ተውኩት። እንደሱ ትበለው።