ሞያሌ ላይ ያገኘኋት አክስት

ማህሌትዬ፣

በልቦለዶቻችን የተሳለውን ድንበርና ማንነት ከእውነተኛው ጋር ላስተያይ መጥቼ፣ በኬንያዋ ሞያሌ ገበያ የወጣሁት ፓስፖርቴን አልጋ ላይ ረስቼ ነው። አንድ ፖሊስ አስቆመኝና «ኪታምቡሊሾ» አለኝ፤ መታወቂያ ማለቱ ነው። ተማሪ መሆኔን ነገርኩት።

«ምንድን ነው የምታጠኚው?» አለኝ በኮልታፋ አማርኛ።

«ማንነት።»

«የራስሽስ የታለ?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ፤ ግን አልለቀቀኝም። የእኛ ግቢ ዘበኛ እኮ መልኬን አይቶ ነው የሚያስገባኝ!

ወደ ጣቢያ ሊወስደኝ ሲል ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ጤናዬ ከአንድ ሱቅ ብቅ አሉ። በስዋሂሊ ተቆጡት። «የእህቴ ልጅ ናት!» ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ፖሊሱ «አክስትሽ መሆናቸውን አላወቅኩም» ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ነው። ለጥናቴ እንዲያወሩኝ ሦስት ቀን ሙሉ ስለምናቸው፣ «ስደቴን ለማላውቀው ሰው አልተርክም» ያሉኝ ሴት እኮ ናቸው!

ስንመለስ ላመሰግናቸው ብል፣ «ተዪው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ተሰድጄ ስመጣ እዚህ አክስት አልነበረኝም።»

ማስታወሻ ደብተሬን ለማውጣት አፈርኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ። አማካሪዬ ከጠየቀሽ ግን መረጃ እየሰበሰበች ነው በይልኝ።

ብሥራት