አባባ «የኔ ነው» ያለው መፋቂያ

ይድረስ ለወንድሜ፦ ጤናህ እንደ ባልጩት ድንጋይ ይጠንክርልኝ፤ እኛ ደህና ነን።

እንኳን ደስ ያለህ፣ እህትህ ባልጩት ጠራቢ ሆነች! ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስሰባብር አባባ «አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ድምፁን ስሚ» እያለኝ ከረመ። ትናንት የሠራሁትን የቆዳ መፋቂያ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «ይሄማ የኔ ነው፤ መቼ ነው የሠራሁት?» አለ።

«የኔ ነው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሳቀና ጉንጬን ፈልጎ ሳመኝ። ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ?

ድሮ መስኮቱ ሥር ካልሆነ አይሠራም ነበር፤ አሁን «የትም ያው ነው» ብሎ ጥግ ይዟል። ድንጋዩን የምመርጥለትም እኔ ነኝ።

ስትመጣ ዝም ብለህ ፊቱ እንዳትቆም፤ ከበሩ ጀምረህ ተጣራ፤ በድምፅህ ይለይሃል።

በሰላም ያገናኘን።

ጠራቢዋ እህትህ