የእናቴ ጣትና የእኛ አማካይ

ሜይ 20፣ ረቡዕ

ተራ ቀን። ለከንቲባ ምርጫው የወጡትን የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ስለቅም ዋልኩ። የተመዘገበውን ጥናት ሁሉ እንወስዳለን፣ አማካዩን እናወጣለን፣ ማታ በቴሌቪዥናችን ዜና ይታያል። ዛሬ ግን ጉድ ነው... ወጣቱ ወደ ዕጩው ፒዮ ዞሯል! የጡረተኞች ሰው ወደ ሆኑት ፒዮ? አለቃዬ ዜና ተገኘ ብሎ ጮቤ ረገጠ።

ሜይ 24፣ እሑድ

እማዬ ጋ ምሳ። ስልኳ ጮኸ። ማንኪያዋን ጥላ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። የተቀዳ ድምፅ ነው፦ «ዕድሜዎ ከሠላሳ በታች ከሆነ አንድን ይጫኑ።»

አንድን ተጫነች! ሰባ አራት ዓመቷ ነው! ክው አልኩ።

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ፣ ጥያቄው ያልፈኛል!» ስትጨርስ ተቆጣችኝ። «ምን ላድርግ? እውነቱን ስነግረው 'የእርስዎ የዕድሜ ክልል ኮታ ሞልቷል፣ እናመሰግናለን' ብሎ ጆሮዬ ላይ ይዘጋዋል። ፒዮ ካልተመረጡ ደግሞ የምንሰበሰብበት የአዛውንቶች ቤት ይፈርሳል። ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

«ሁላችሁም?»

«ጎረቤቴ ወይዘሮ ኦክቡን እንኳ ሃያ ዓመቷ ነው» ብላ ሳቀች።

ወይዘሮ ኦክቡን በከዘራ ነው የሚሄዱት...

ሜይ 27፣ ረቡዕ

ከነገ ጀምሮ እስከ ምርጫው አዲስ ጥናት ማውጣት ክልክል ነው። የዛሬው ቁጥር ሰው ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። የእማዬን ነገር ለአለቃዬ ነገርኩት። በማሽን ደውለው የሚሰበስቡትን ጥናቶች ከአማካዩ እንቀንሳቸው አልኩ።

«አሁን? ፒዮ የሚመሩበትን ጥናት መርጣችሁ ጣላችሁ ቢሉንስ? የእናቴን ጣት አየሁ ልትያቸው ነው?»

ምን ማስረጃ አለኝ? አማካዩ እንዳለ በዜና ወጣ። ፒዮ በሰፊው ይመራሉ። ከሥር የኔ ስም።

ጁን 3፣ ረቡዕ

ፒዮ ለጥቂት ተሸነፉ። ወጣቱ ለካ ወደ ፒዮ ንቅንቅ አላለም።

ጁን 4፣ ሐሙስ

እማዬን ፀሐይ አጥቁሯታል።

«መርጠሻል አይደል?»

«ባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር... ከአዛውንቶች ቤት፣ በአውቶቡስ።»

«በምርጫው ቀን?!»

«በሰፊው ይመራሉ ብላችሁ የለ! ልጄ ያወጣችውን ቁጥር አላምን?»

«ቁጥሩን ያበላሻችሁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ?»

«እኛማ አንድ ሰፈር ነን! የቀረው የከተማው ሰው እውነቱን የተናገረ መስሎን ነዋ!» እንባዋ መጣ። «የየሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ወጣት እንደሆነ በምን ልወቅ?»



ጁን 12፣ ዓርብ

እማዬ ጋ ነኝ። ስልኳ ጮኸ። ያው የተቀዳ ድምፅ፦ ስለ አዛውንቶች ቤቶች መፍረስ አስተያየት እየሰበሰብን ነው... ዕድሜዎ?

እማዬ አየችኝ። ጣቷ ወደ አንድ ቁጥር ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ ከሰባ በላይ የሚለውን ተጫነች።

«የእርስዎ የዕድሜ ክልል ኮታ ሞልቷል፣ እናመሰግናለን።»