በእኔ በርሜል ስለተመሰከረለት የከተማችን ውሃ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከንጽህና ማረጋገጫው ላይ ፊርማዬን ስለማንሳት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ሆድዎን፣ አንጀትዎን፣ ጠቅላላ የውስጥ ዕቃዎን ሰላም ያድርግልኝ እላለሁ። በደብዳቤ መግቢያ ላይ የሰው አንጀት መጠየቅ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ በእኛ ከተማ ግን ሰላምታ ከዚያ መጀመር ካለበት ሰነባብቷል።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ጀርባ ያለችው ላውንደሪ ቤት ባለቤት ነኝ። የእርስዎን ኮትና ሱሪ ስድስት ዓመት ሙሉ አጥቤ ተኩሻለሁ፤ የጤና ጣቢያውን አንሶላም የማጥበው እኔ ነኝ። ነጭ ልብስ ሲያጥብ የሚውል ሰው የውሃን ጠባይ ሳይወድ በግዱ ስለሚያውቅ፣ የሚከተሉትን ቅሬታዎች ጊዜዎን ስለመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የቀለሙ ነገር። ቧንቧችን በሳምንት ሁለት ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ይስላል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻም ቀጠን ያለ ሻይ የመሰለ ነገር ይተፋል። ሰኞ ቡናማ፣ ሐሙስ ቢጫ እያደረጉ ከመሰልቸት ስላዳኑን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሁለተኛ፣ ከውሃው ጋር ስለሚመጡት እንግዶች። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ራስ ሲያለቀልቅ ከቧንቧው ቀይ ትል ወጥቶ ሰውየው ጆሮ ላይ ስላረፈ፣ ደንበኛው አረፋውን እንደተሸከመ ወደ ቤቱ ሄዷል። ደውለን ስናመለክት ስልክ ያነሱት ሠራተኛዎ፣ ትል የሚኖርበት ውሃ መርዝ እንደሌለበት ማወቅ አለባችሁ ብለው አጽናንተውናል። እኛም ለትሉ ከተስማማው ለእኛስ ምን ይለናል ብለን ስልኩን ዘጋን።

ሦስተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በየወሩ የውሃ ናሙና የሚወስዱት ሠራተኛዎ መልካም ሰው ናቸው፤ ብቻ ፀሐይ አይወዱም። ሥራቸው በአምስት ሰፈር ተዘዋውረው ከአምስት ቧንቧ አምስት ጠርሙስ መቅዳት ሲሆን፣ የእኔ ቤት ቅርብ፣ ጥላ ያለውና ወንበርም የማይታጣበት ስለሆነ አምስቱንም እኔ ዘንድ ሞልተው የአምስት ሰፈር ስም ይጽፉባቸዋል። የሚቀዱበት ቧንቧ ደግሞ የእርስዎ አይደለም፤ በበርሜሌ ላይ የገጠምኩት የራሴ ቧንቧ ነው። ይህንኑ ብነግራቸው ቧንቧ ቧንቧ ነው ብለውኛል። ያንን ውሃ ሁለት ቀን አዘቅጠዋለሁ፣ በአራት እጥፍ አቡጀዲ አጠልለዋለሁ፣ በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ፤ አለዚያ የጤና ጣቢያው አንሶላ ከመጣበት ብሶ ነው የሚመለሰው። እንግዲህ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውና ውሃችን ከጀርም ነጻ መሆኑን በማኅተም የሚያበስረው ወረቀት የሚናገረው ስለ እኔ በርሜል ነው። በርሜሌ ለደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ ስላበቁት እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። በዚያ ወረቀት ግርጌ ምስክር በሚለው ቦታ ላይ የሰፈረው ፊርማ የእኔ ነው። ከበርሜሌ ሲቀዳ በዓይኔ እያየሁ፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ፈርም መባሉ ደስ አሰኝቶኝ፣ እጄን በፎጣ አድርቄ፣ ኮራ ብዬ ፈረምኩ።

ልጄ ታችኛው ሰፈር ነው የምትኖረው። የመጀመሪያዋን ወልዳ፣ ስምንት ወር ለሆናት ሕፃን የዱቄት ወተት የምትበጠብጥበትን ውሃ አንድም ቀን ሳታፈላ ቀርታ አታውቅም ነበር። አንድ ቀን በበርዎ ስታልፍ ወረቀቱን አነበበችና የአባቷን ፊርማ ለየች። ከዚያ በኋላ እፎይ ብላ ማፍላቱን ተወች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሕፃኗ በተቅማጥና በትውከት ተይዛ ጤና ጣቢያ ገባች። ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር፤ ስታለቅስም እንባ አይወጣትም። ነርሷ ደም ሥር ፍለጋ ሁለት እጇንና አንድ እግሯን ወግታ በመጨረሻ በግንባሯ በኩል አገኘችው። በዚያው ሳምንት ከታችኛው ሰፈር የገባች አሥራ አንደኛ ሕፃን መሆኗንም ነገረችን። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ አንተ ፈርመህበት የለም እንዴ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የልጅ ልጄ ከሞት ተርፋ ትናንት ቤቷ ገብታለች። ወረቀቱ ግን አሁንም በርዎ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ስታነበው በመስኮቴ አይቼ፣ ካውያውን ጥዬ ስወጣ ጀሪካኗን አንስታ ሄዳለች። ወዴት እንደታጠፈች አላወቅሁም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ የሚባል ነገር አልሠራሁም።

ስለሆነም ፊርማዬ ዛሬውኑ እንዲነሳልኝ፣ በምትኩም ውሃውን ሳታፈሉ አትጠጡ የሚል አንዲት መስመር እንዲለጠፍ እጅ ነስቼ እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሕዝብ ያሸብራል መባሉን ሰምቻለሁ፤ አሥራ አንድ እናቶች ጤና ጣቢያ ወለል ላይ ተቀምጠው ምን ያህል ተረጋግተው እንደነበር ግን ያየሁት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አዲስ የቧንቧ መስመር መዘርጋት ወይም ባለሙያ ከሩቅ ማስመጣት አይሻም፤ ማጣበቂያ እንኳ ከጠፋ ለኮሌታ ማጠንከሪያ ከማውለው ስታርች አንድ ኩባያ አመጣለሁ።

ቸርነትዎን ተጠምቼ፣ ውሃዎን ግን ፈርቼ የምኖር፣ የኮትዎ አጣቢ፣ የሱሪዎ ተኳሽና እስከ ዛሬ ድረስ የሐሰት ምስክርዎ የነበርኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የላውንደሪው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለታችኛው ሰፈር እናቶች

ማስታወሻ፦ የከተማውን ውሃ ማፍላት አስፈላጊ አለመሆኑን በሙሉ ድምፅ ለወሰነው የጽሕፈት ቤትዎ የማክሰኞ ስብሰባ ተነጥፎ የነበረው የጠረጴዛ ልብስ ለእጥበት ደርሶኛል። ስዘረጋው ከእጥፋቱ ዘጠኝ የታሸገ ውሃ ክዳን ወደቀ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ አንድም ሳላስቀር ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ የተከበሩት ተሰብሳቢዎች ቢነኩትም እንዳይታመሙብን፣ ያጠብኩት ውሃውን አፍልቼ ነው።